የራፉን የድንጋይ ምሰሶዎች በስንት ሰዓት ፎቶግራፍ እናንሣቸው?

ከፊታችን ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች አሉ። ሁለቱም የተነሡት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ራፉ በሚባለው ስፍራ ሲሆን፣ የሚያሳዩትም አንድን የድንጋይ ምሰሶ ነው። ካሜራው አንድ ነው፤ የቆምንበት ቦታም ሆነ ቀኑ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሰዓት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፀሐይ ከወጣች ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ ሁለተኛው ደግሞ በቀትር የተነሣ ነው። በጠዋቱ ፎቶግራፍ ላይ ምሰሶው ከራሱ እስከ እግሩ በቁመት የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ታሰረ የእንጨት ሸክም ያለ ድንጋይ ነው። በቀትሩ ላይ ግን የቁመቱ ስንጥቆች ከሞላ ጎደል ጠፍተው ምሰሶው እንደ ተነባበረ እንጀራ በአግድም ተከፋፍሎ ይታያል። ፎቶግራፎቹን ለተማሪዎቻችን ባሳየን ጊዜ ብዙዎቹ ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች ናቸው ብለው ፈረዱ። አንዲት ተማሪ ግን እውነቱን ከነገርናት በኋላ፣ «ታዲያ መምህር፣ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀችን።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በዕለቱ አጥጋቢ መልስ አልሰጠናትም። እነሆ አሁን በጽሑፍ እንሞክረው።

ራፉን ለማያውቁ አንባቢያን ስፍራውን በአጭሩ እናስተዋውቅ። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ ሰው ሮቤ ከመድረሱ በፊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባትን ዲንሾን ያገኛል። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቲን አምባ ያቋርጣል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌ ትልቁ ተራራ ቱሉ ዲምቱም በዚሁ አምባ ላይ ነው። ራፉ ግን ከመኪና ወርዶ ወዲያው የሚደረስበት ቦታ አይደለም። ከዲንሾ ተነሥተው በእግርና በፈረስ ለቀናት የሚጓዙ ሰዎች ድንኳን ከሚተክሉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው የሚያየው፣ በጥንት ዘመን እንደ ወንዝ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ከበረደ በኋላ በዝናብ፣ በነፋስና በውርጭ ተበልቶ የቀረውን የምሰሶዎች ደን ነው። አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱም ተጠጋግቶ እንደ ገበያተኛ ቆሟል።

ምሰሶ ለምን ሆነ?

ስለ ብርሃን ከመናገራችን በፊት ስለ ስንጥቅ መናገር አለብን፤ ብርሃኑ የሚያሳየን ስንጥቁን ነውና።

ከመሬት የወጣ ቅልጥ አለት ወይም ላቫ ሲበርድ ይኮማተራል። ነገር ግን ከሥሩ ካለው መሬት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንደ ልቡ መሰብሰብ አይችልም። በመሆኑም ውጥረት ይጠራቀምበትና ይሰነጠቃል። ስንጥቆቹ መጀመሪያ ቅዝቃዜ ባገኘው ገጽ ላይ ይጀምሩና ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲያፈገፍግ እነርሱም ተከትለው ይገባሉ። በዚህ ጉዞ ላይ መረባቸው ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ሦስት ስንጥቆች በአንድ ነጥብ ላይ በ120 ዲግሪ ገደማ ሲገናኙ ውጥረቱ በጥሩ ሁኔታ ስለሚረግብ፣ ባለ ስድስት ጎን የሆኑ አምዶች ይበዛሉ። የአምዶቹ ውፍረት የቅዝቃዜውን ፍጥነት ይነግረናል፤ ቀስ ብሎ የበረደ ላቫ ወፍራም አምዶችን ይሠራል።

ይህን ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የበቆሎ ስታርች (ተራው የበቆሎ ዱቄት አይሆንም) ከእኩል መጠን ውኃ ጋር አደባልቃችሁ በብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል አፍስሱና ከመብራት አምፖል ሥር ለቀናት አድርቁት። የደረቀውን ሰብራችሁ ስትመለከቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጥቃቅን አምዶችን ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ የሚያኮማትረው የሙቀት መቀነስ ሳይሆን የውኃው መትነን ነው፤ ሒሳቡ ግን ተመሳሳይ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሉካስ ጎህሪንግና ስቲቨን ሞሪስ የተባሉ የፊዚክስ ባለሙያዎች በስታርች ባደረጉት ሙከራ የታላላቅ ባዛልት አምዶችን አፈጣጠር እስከ ማስላት ደርሰዋል፤ ከማሃዴቫን ጋር ሆነው የጻፉት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ፊዚክስ ውድ መሣሪያ ከሌለ አይሠራም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

በራፉ ያሉት ምሰሶዎች ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የቅዝቃዜ አምድ ናቸው ማለታችን አይደለም። ምሰሶ ማለት በዙሪያው ያለው አለት ተበልቶ ሲያልቅ የቀረው ክፍል ነው። የበላውም በአብዛኛው ውኃ ነው። ዝናቡ በስንጥቆች ይገባል፤ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ውኃው በረዶ ይሆናል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ስንጥቁን ይገፋዋል። ረፋድ ላይ ይቀልጣል፤ በማግሥቱ ሌሊት እንደገና ይገፋል። በባሌ ከፍታዎች ላይ በጋና ክረምት ከሚለያዩት ይበልጥ ቀንና ሌሊት ይለያያሉ፤ አለቱም በእያንዳንዱ የውርጭ ሌሊት ጥቂት ይሸነፋል።

ስለዚህ በቁመት የተሰነጠቀው ላይ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ በአግድም የተሰነጠቀው ላይ ደግሞ ያርፋል። የምሰሶውን የወደፊት ዕጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ስንጥቆች ማየት አለበት። እንግዲህ አንዱን ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ምንም ቢያምር፣ ግማሽ መረጃ ነው ማለት ነው።

ከሌላ ኬክሮስ የመጣ መመሪያ

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለን የፎቶግራፍ መጻሕፍትን ማንበብ ጀመርን። መጻሕፍቱ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የሚነሣው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ባለው «ወርቃማ ሰዓት» ነው፤ ቀትር የእረፍት ጊዜ ነው ይላሉ። ይህን መመሪያ ይዘን ወደ ባሌ በሄድንበት የመጀመሪያው ጊዜ ድንኳናችንን ከፍተን፣ ሻይ አፍልተን፣ ካሜራውን እስክንደግን ድረስ ወርቃማው ሰዓት አልቆ ነበር። ጥፋቱ በእርግጥ የሻዩም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ብለን ስናሰላው መጽሐፉም ነገሩን የጻፈው ለሌላ ሰማይ መሆኑን ተረዳን።

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ፀሐይ ከአድማስ ወደ ላይ የምትወጣበት ፍጥነት ግን በኬክሮስ ይወሰናል። በ52 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ በምትገኘው በርሊን ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ትወጣለች፤ በታኅሣሥ ወር ከአድማስ ተነሥታ 6 ዲግሪ ከፍታ ላይ ለመድረስ 50 ደቂቃ ያልፋታል፤ በቀትር እንኳ ከ14 ዲግሪ ብዙም አትዘልም። ይህም ማለት የበርሊን ፎቶግራፍ አንሺ በክረምት ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ብርሃን አለው። በ7 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ባለችው ባሌ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች፤ በዚያው ወር 6 ዲግሪ ለመድረስ የሚበቃት 26 ደቂቃ ያህል ነው። የእኛ «ወርቃማ ሰዓት» ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ሌላም ልዩነት አለ። በሰሜኑ ዓለም የተጻፉ መጻሕፍት የአለት ሰሜናዊ ገጽ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በጥላ ውስጥ ነው ብለው ያስተምራሉ። በባሌ ይህ እውነት የሚሆነው ለአንድ የዓመቱ ክፍል ብቻ ነው። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል ባሉት የግንቦትና የሰኔ ወራት ቀትር ላይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ከሰሜናዊው አድማስ 74 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ በደቡብ በኩል 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች። ስለዚህ አንድ የራፉ ምሰሶ በዓመት ውስጥ አራቱንም ፊቱን ለፀሐይ ይሰጣል። በክረምቱ ደመናና ጉም ቢከለክልም እንኳ፣ ሰሜናዊውን ፊት በቀትር ብርሃን ማየት የሚፈልግ ሰው ሰማዩ የተገለጠበትን የሰኔ ቀን ከመጠበቅ በቀር አማራጭ የለውም።

ጥላ እንደ ማስመሪያ

አሁን ወደ ሁለቱ ፎቶግራፎች እንመለስ። የተነሡት በታኅሣሥ ወር ሲሆን የሚያሳዩት የምሰሶውን ደቡባዊ ገጽ ነው። ይህ ገጽ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው እንበል። በላዩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ ጠርዝ ቢኖር ጥላው ምን ያህል ይረዝማል?

በጠዋቱ ፀሐይ በምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ፣ ከአድማስ 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ነበረች። ብርሃኗ ግድግዳውን የሚመታው ከጎን ተንሸራቶ፣ በ23 ዲግሪ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ በቁመት የቆመ ጠርዝ ወደ ጎን 4.6 ሴንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል፤ በአግድም የተኛ ጠርዝ ግን ወደ ታች የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቀትር ተራው ይገለበጣል። ፀሐይ በቀጥታ በደቡብ፣ 60 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ የቆመው ጠርዝ ጥላ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የተኛው ጠርዝ ግን ወደ ታች 3.5 ሴንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። የታሰረው እንጨትና የተነባበረው እንጀራ የተገኙት ከዚህ ነው። አንባቢያን የሦስት አቅጣጫ ቬክተር ተምራችሁ ከሆነ ቁጥሮቹን ራሳችሁ አስልታችሁ ብታረጋግጡ ደስ ይለናል።

እውነቱን ለመናገር፣ የቀትሩን ፎቶግራፍ ያነሣነው ሥራ ለመፍታት ያህል ነበር። መጻሕፍቱ ቀትር ዋጋ የለውም ስላሉን ልንሰርዘው ተቃርበን ነበር። የፈረሱ ባለቤት «ልጫን ወይስ ገና ናችሁ?» እያሉ ሲጠይቁን፣ ሥራ ላይ ያለን ለመምሰል ካሜራውን አንድ ጊዜ ተጫንነው። ከወር በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ነው የናቅነው ፎቶግራፍ የያዘውን ያስተዋልነው።

ዋናው ነገር ፀሐይ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ አለች የሚለው ሳይሆን፣ ብርሃኑ የሚታየውን ገጽ በስንት ዲግሪ ይነካዋል የሚለው ነው። ለተኛ ምድር ዝቅ ያለች ፀሐይ ታስፈልጋለች፤ ለቆመ ግድግዳ ግን የቀትር ፀሐይ ራሷ ተንሸራታች ብርሃን ናት። መጻሕፍቱ ይህን ያልጻፉት የተሳሳቱ ሆነው ሳይሆን፣ የእነርሱ ቀትር ከእኛ ቀትር ስለሚለይ ነው።

የተኛ ምድር ስንል የሳነቲ አምባ ጥሩ ምሳሌ አለው። በአምባው ደቡባዊ ክፍል ላይ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው፣ ከሩቅ ሲታዩ የታረሰ ማሳ የሚመስሉ ታላላቅ መስመሮችን ሠርተዋል። በበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ መስመሮቹ እስከ 1,000 ሜትር ርዝመት፣ እስከ 15 ሜትር ስፋትና እስከ 2 ሜትር ጥልቀት አላቸው። እንዲህ ያሉ ታላላቅ የድንጋይ መስመሮች በዋልታዎችና በቀዝቃዛ አገሮች የታወቁ ሲሆኑ በሐሩር ክልል ከዚያ በፊት አልታወቁም ነበር። የተሠሩትም የባሌ ተራሮች ራሳቸው በረዶ ለብሰው በነበረበት በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ መሬቱ በጥልቀት እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ በለየበት ጊዜ ነው ተብሎ ይታመናል። ያው ቡድን የባሌ ግግር በረዶ ትልቁን ስፋት የያዘው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት መሆኑን በሌላ ጥናት አሳይቷል።

በዚህ መሬት ላይ ቆማችሁ በቀትር ብታነሡት ምን ይሆናል? በግራና በቀኝ 5 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ጉብታ አስቡ። ፀሐይ 60 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ወደ ፀሐይ የዞረው ጎኑ ከሌላው የሚደምቀው በ11 በመቶ ብቻ ነው። ፀሐይ 10 ዲግሪ ላይ ስትሆን ግን ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ምድሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሳይን ዋጋ ነው። የሳነቲን መስመሮች ከጎባ ተነሥቶ በቀትር በመኪና የሚያልፍ ሰው ምንም ሳያይ ቢያልፍ አይፈረድበትም።

የቀጭን አየር ብርሃን

በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 61 በመቶ ያህል ነው። ይህን ሳንባችን በመጀመሪያው ዳገት ላይ ይነግረናል፤ ካሜራችንም በራሱ መንገድ ያውቀዋል። የሰማይ ሰማያዊነት የሚመጣው የአየር ሞለኪውሎች ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው፤ የሚበትኑትም አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን በበለጠ ነው። የ450 ናኖ ሜትር ሰማያዊ ብርሃን ከ650 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። አየሩ ሲሳሳ የሚበትነው ይቀንሳል፤ ሰማዩም ይጠቁራል። ጥላ ውስጥ ያለ ድንጋይ ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰማዩ ነውና፣ ሰማዩ ሲጠቁር ጥላውም ይጠቁራል። በአንጻሩ በቀጥታ የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ይበረታል። ውጤቱ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ በሳነቲ ላይ በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት የሰፋ መሆኑ ነው።

ዓይናችን ይህን ልዩነት ከቦታ ቦታ እየተላመደ ያልፈዋል፤ የካሜራ ሴንሰር ግን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ወሰን አለው። ስለዚህ መጋለጫውን ለደማቁ ክፍል አስተካክሉ። ከልክ በላይ የነጣ ቦታ ምንም መረጃ አይቀርበትም፤ የጨለመ ቦታ ግን ካሜራው ያልተቀነባበረውን ጥሬ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ በኋላ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ ስልኮች አንድ ቅሬታ አለን። ብዙዎቹ ስልኮች ተጠቃሚውን ሳያስፈቅዱ በተለያየ መጋለጫ የተነሡ በርካታ ምስሎችን አዋሕደው ጥላውን ያፈኩታል። ለሠርግ መልካም ነው። ለድንጋይ ግን ከላይ ያሰላነውን የጥላ ልዩነት የሚያለሰልስ ጣልቃ ገብነት ስለሆነ፣ መዝጋት የሚቻል ከሆነ ዝጉት። በተጨማሪም ቅዝቃዜ የባትሪን ጉልበት ያደክማልና ስልካችሁን ሌሊት ከሰውነታችሁ ጋር አኑሩት።

የሰማዩን ድምቀት የሚቀንሰውን የፖላራይዘር ማጣሪያ የሚጠቀሙ ደግሞ፣ የሰማዩ ብርሃን በጣም የሚጣራው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ባለው ቀበቶ ላይ መሆኑን ያስታውሱ። ፀሐይ በምሥራቅ ስትወጣ ይህ ቀበቶ ከሰሜን ተነሥቶ በአናታችን አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በሰፊ ሌንስ ወደ ደቡብ ስናነሣ የሰማዩ መሐል ጠቁሮ ዳርና ዳሩ የሚነጣው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማጣሪያው ተበላሽቶ አይደለም።

ድንጋዩ ስንት ሜትር ነው?

በየቀን መቁጠሪያውና በየማስታወቂያው ላይ የሚወጡትን የአገራችንን የድንጋይ ፎቶግራፎች ስንመለከት የሚያሳዝነን ቀለማቸው መጋነኑ ሳይሆን መጠናቸው አለመታወቁ ነው። ፎቶግራፍ ማዕዘንን እንጂ ርዝመትን አይመዘግብም። በ3 ሜትር ርቀት ያለ የ1 ሜትር ድንጋይና በ30 ሜትር ርቀት ያለ የ10 ሜትር ምሰሶ በፎቶግራፉ ላይ እኩል ናቸው። በባሌ ከፍታ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በሌላ ቦታ መጠንን በዛፍ እንገምታለን፤ እዚያ ግን ከአስታው ክልል በላይ ዛፍ የለም። ጅብራው እንኳ ከሰው ቁመት በታችም፣ ከሰው ቁመት ብዙ በላይም ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው አንድ ሰው ከድንጋዩ አጠገብ ማቆም ነው። ሰው ከሌለ ሒሳብ አለ። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ እይታ፣ በአጭሩ ጎን በኩል፣ በግምት ከርቀቱ ጋር እኩል የሆነ ስፋት ይሸፍናል። ይኸውም ስልኩን አግድም ይዛችሁ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ምሰሶ ፊት ብትቆሙ፣ የምስሉ ቁመት በዚያ ርቀት ላይ 30 ሜትር ያህል ነው። ምሰሶው የምስሉን አንድ ሦስተኛ ከያዘ 10 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በግቢያችሁ ውስጥ ቁመቱ በሚታወቅ ሕንፃ ላይ የራሳችሁን ስልክ ፈትኑት፤ ርቀቱን በእርምጃ መለካት ይበቃል።

ሳይንቀሳቀስ የሚመሰክር

አንዳንድ አንባቢያን፣ «ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ድንጋይ ለምን?» ይሉ ይሆናል። መልሱ በሰሜን ኢትዮጵያ አለ።

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች በመንገዳቸው ያለውን መልክዓ ምድር አነሡ። ዓላማቸው ወታደራዊ ነበር። ከ140 ዓመታት በኋላ ያን ኒሰን፣ ምትኩ ኃይሌ፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ያሉበት ቡድን እነዚያን ፎቶግራፎች ይዞ ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ በመቆም እንደገና አነሣቸው። ቦታዎቹን ለማግኘት ያስቻለው የተራሮቹና የገደሎቹ ቅርጽ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፤ ምድሩ በ1860 ዓ.ም. አስቀድሞ የተራቆተ ነበር፤ ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ግን የዕፅዋቱ ሽፋንና የአፈር ጥበቃው በአመዛኙ ከዚያ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥንት ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጠፋ የሚለው የተለመደ አነጋገር በፎቶግራፍ ማስረጃ ተፈተነ።

በባሌም እንዲህ ያለ ማስረጃ ያስፈልጋል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ቀይ ቀበሮው፣ የደጋ አጋዘኑና ታላቁ ፍልፈል መኖሪያቸው ነው። የአስታው ደን ይቃጠላል፣ መልሶም ያቆጠቁጣል፤ ከብት ይሰማራል፤ መንገድ ይሠራል። የአስታው ዳርቻ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወደ ታች ወረደ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከጀርባው የማይንቀሳቀስ የድንጋይ ምሰሶ ያለበት ፎቶግራፍ ከብዙ ምስክር ይሻላል። ይህን ለማድረግ ግን ፎቶግራፉ ዕለቱን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን አቅጣጫና የቆመበትን ቦታ ይዞ መገኘት አለበት።

እንግዲህ ተማሪያችን ለጠየቀችው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው እንላለን፤ ነገር ግን ሰዓታቸው ባይጻፍባቸው ኖሮ ሁለቱም ባላገለገሉ ነበር። የጠዋቱና የቀትሩ ልዩነት የፀሐይ መሆኑን የምናውቀው ሰዓቱን ስለጻፍን ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ሰዓቱን ካላወቀ፣ የተነባበረውን እንጀራ አይቶ ድንጋዩ በአግድም መሰንጠቅ ጀመረ ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የቆምንበትን ቦታ በተመለከተ፣ የስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል። ድንጋይ ቆልሎ ምልክት ማድረግም በፓርክ ውስጥ ተገቢ አይደለም፤ ድሮንም ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም። የተሻለው ዘዴ ቀያሾች ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው፤ በቅርብ ያለን የድንጋይ ጠርዝ በሩቅ ካለ የተራራ ጫፍ ጋር ማገጣጠም። ጠርዙ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ ወደ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትንቀሳቀሱ ግጥሙ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይፈርሳል፤ ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ስለሚያህል በዓይን በግልጽ ይታያል። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ እንዲህ ያለ ግጥም ካገኛችሁ የቆማችሁበት ነጥብ ተወስኗል። እኛም በራፉ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የግራውን ግጥም አንሥተን የቀኙን ስንፈልግ ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ የሩቁን ተራራ ሸፈነብን። ፈረሶቹም ተጭነው ነበር። የቀኙ ግጥም ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ተላልፏል።